ኢሬዘሩን ተወው፣ ቬሎ የሚቆረጠው በማስክ ነው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ፎቶሾፕ ላይ የሙሽራዋን ባክግራውንድ በኢሬዘር (በማጥፊያው) አጥፍተሃል። የቬሎው ጠርዝ ተበልቷል። ፋይሉን ዘግተህ ስትከፍተው ወደ ኋላ መመለሻው ኮንትሮል ዜድ እምቢ አለህ። ደንበኛዋ ደግሞ አልበሟን ቅዳሜ ትፈልጋለች። ጓደኛህ «ለምን በማስክ አልሠራኸውም?» ሲልህ፣ ማስክ ጊዜ ይፈጃል፣ ፋይልም ያከብዳል ብለህ ሰግተሃል። እኔ በዚህ ሥራ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝና ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። ማስክ ምንድነው የሚለውን የሚያስረዳ ቪዲዮ ሞልቷል፤ ሌየሩ (ፎቶሾፕ ውስጥ የሚደራረበው የምስል ንጣፍ) ላይ የሚደረብ መሸፈኛ ነው፤ ፎቶው ሳይቆረጥ ጥቁር ይደብቃል፣ ነጭ ይገልጣል፣ አለቀ።

መጀመሪያ የቅዳሜውን ሥራ እናድነው።

1. ኦሪጅናሉ አለህ? ካሜራው ያወጣው ጄፔግ ወይም ሮው (ገና ያልተቀነባበረው የካሜራ ፋይል) ካለህ ልፋትህ ከንቱ አልሆነም። ኢሬዘር ያደረግክበት ሌየር ከሌላው ጋር ሳይዋሃድ በፒኤስዲ (ሌየሮቹን ለያይቶ በሚይዘው የፎቶሾፕ ፋይል) ተቀምጦ ከሆነ፣ ኦሪጅናሉን እዚያው ፋይል ውስጥ ከሥሩ አስገባው። መጠኑም ቦታውም ልክክ ብሎ ይግጠም። ከዚያ ኮንትሮልን ይዘህ የቆረጥከውን ሌየር ትንሿን ምስል ክሊክ አድርጋት። የቆረጥከው ቅርጽ በሙሉ ሴሌክት ይሆናል። አሁን ኦሪጅናሉ ሌየር ላይ ሁንና ከታች ያለችውን የማስክ ምልክት ተጫን። በኢሬዘር የለፋህበት ሁሉ ወደ ማስክ ተገለበጠ ማለት ነው። የላይኛውን ሌየር የዓይን ምልክቱን ተጭነህ ደብቀውና የተበላውን ቬሎ በነጭ ብራሽ እየቀባህ መልሰው። ይህን ዘዴ ብዙ ሰው አያውቀውም። እኔ ግን ስንት የሌላ ሰው ሥራ አትርፌበታለሁ።

2. ኦሪጅናሉ ካርዱ ላይ ብቻ ነበር፣ ካርዱም ፎርማት ተደርጓል? አሁኑኑ ከካሜራው አውጣው፤ አንዲት ፎቶ እንኳ እንዳታነሳበት። ካሜራ ውስጥ የሚደረግ ፎርማት ብዙውን ጊዜ የሚያጠፋው የፋይሎቹን ዝርዝር ብቻ ነው። ፎቶው ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ እዚያው የመገኘት ዕድል አለው። ፎቶሬክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፣ በእሱ ሞክር። የሚገኘውን ፋይል ግን ኮምፒውተርህ ላይ አስቀምጥ እንጂ መልሰህ ካርዱ ላይ እንዳትጽፍ።

3. ከዛሬ ጀምሮ ሰው ያለበት ፎቶ ላይ ኢሬዘር አታንሳ። ይህችን በአንድ መስመር ላልፋት ነበር፤ ግን የደረሰብኝን ካልነገርኩህ ክብደቷ አይገባህም።

ሥራ የጀመርኩት አንድ የሠርግ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ስሙን አልጠራም። ከእኔ በፊት የነበረው ኤዲተር እጁ ፈጣን ነበር፤ ባለቤቱ በፍጥነቱ ይምልበታል። ልጁ ሁሉንም ነገር በኢሬዘር ነበር የሚቆርጠው። ሲጨርስ ደግሞ እዚያው ጄፔጉ ላይ ሴቭ ያደርጋል። እሱ ሲለቅ ወንበሩን እኔ ያዝኩት።

አንድ ቀን አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጡ። በልጅቷ ሠርግ ሰሞን ቤተሰቡ ውስጥ ጠብ ነበርና፣ የቤተሰብ ፎቶው ዳር ላይ የቆሙትን አጎት «አውጡልን» ብለው አስወጥተዋቸዋል። አሁን በሽማግሌ ታርቀዋል። ፎቶው በትልቁ ታትሞ ሳሎን ሊሰቀል ነው፤ እናትየው «ወንድሜን መልሱልኝ» አሉ። ከዚህ የቀለለ ጥያቄ የለም። በማስክ የተሠራ ቢሆን ሺፍት ይዤ ማስኩ ላይ ክሊክ ባደርግ አጎትየው ቦታቸው ላይ ቆመው ይታዩኝ ነበር።

ፋይሉን ከፈትኩት። አንድ ሌየር ብቻ። ቤተሰቡ ተቆርጦ የአበባ መናፈሻ ባክግራውንድ ላይ ተለጥፏል። አጎትየው የሉም። እጃቸው የእህታቸው ትከሻ ላይ ነበር መሰለኝ፣ እጁ ሲጠፋ ነጠላውም አብሮ ተበልቶ ጥለቱ መሃል ላይ ተቋርጧል። ኦሪጅናል ብዬ ኮምፒውተሩን ሳስስ ዋልኩ። የለም። ካርዱ ላይ ደግሞ ከዚያ በኋላ ስንትና ስንት ሠርግ ተነሥቶበታል።

ባለቤቱ ሰው ፊት ጮኸብኝ። «ኤዲተር አይደለህም እንዴ? አምጣዋ!» አለኝ። እኔ ያላጠፋሁትን እኔ አምጣ ተባልኩ። ለእናትየው ደግሞ «ልጁ አዲስ ነው፣ እሱ ነው ያበላሸው» አላቸው። ሌላ ፎቶ በነጻ አሳትሞ ሸኛቸውና ዋጋውን ከደሞዜ ቆረጠው። ስለ ማስክ፣ ስለ ኦሪጅናል ማስቀመጥ ላስረዳው ብል «እሱ የትምህርት ቤት ወሬ ነው፣ እዚህ የሚፈለገው ፍጥነት ነው» ብሎ አፌን አስያዘኝ። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። ደሞዙን እንኳ ትቼዋለሁ፣ የማይለቀኝ የእናትየው ፊት ነው።

ከዚያ ወጥቼ በራሴ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ግን እንዲህ ያለ ነገር ደጄን አልረገጠም። ደንበኛ «ባክግራውንዱን ቀይርልኝ»፣ «ያቺን ሚዜ መልሳት» ሲለኝ የቆየውን ፋይል እከፍታለሁ፣ እዚያው ቁጭ እንዳለ አስተካክላለሁ፣ ሂሳቤን እቀበላለሁ። በዚህ እኮራለሁ።

አሁን ወደ ስጋትህ ልምጣ። ጊዜ ይፈጃል ያልከው ልክ አይደለም። ብራሹ ያው ብራሽ ነው፣ እጅህም የሚሄድበት መንገድ ያው ነው። በኢሬዘር የምታሸውን በጥቁር ብራሽ ማስኩ ላይ ትቀባዋለህ። ሲያልፍብህ ኤክስን ተጫን፣ ቀለሙ ወደ ነጭ ይገለበጣል፣ ትመልሰዋለህ። በኢሬዘር ግን ስትሳሳት መመለሻህ ሂስትሪ (ፎቶሾፕ የሚያስታውሰው የእርምጃዎችህ ዝርዝር) ብቻ ነው። አሁን ባሉት የፎቶሾፕ ቨርዥኖች ሂስትሪው ካልቀየርከው በቀር 50 እርምጃ ነው የሚይዘው። አንዲት የብራሽ ጭረት አንድ እርምጃ ናት። የአንዲት ሙሽራ ፀጉር ዙሪያውን ስትዞር 50 ጭረት ሳታውቀው ያልቃል። ፋይሉን ስትዘጋ ደግሞ ሁሉም ይጠፋል። መብራት ሄደ ማለትም ሂስትሪው ሄደ ማለት ነው። ማስክ ግን ፒኤስዲው ውስጥ ተቀምጦ ይቆይሃል።

ፋይል ያከብዳል የሚለውንም አስላው። ባለ 24 ሜጋፒክስል ፎቶ አንዱ ሌየር፣ በ8 ቢት፣ ሳይጨመቅ 72 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ሦስት የቀለም ቻናል (ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ) ስላለው። ማስክ አንድ ቻናል ብቻ ነው፣ ቢበዛ 24። አብዛኛው ቦታው ወይ ድፍን ጥቁር ወይ ድፍን ነጭ ስለሆነ ሴቭ ሲደረግ ከዚያም በጣም ያንሳል። በኢሬዘር የሚሠራ ሰው ግን ለጥንቃቄ ከፈለገ ሙሉውን ሌየር ኮፒ ማድረግ አለበት። ፋይል የሚያከብደው እሱ ነው።

ቬሎና ነጠላ ላይ ግን ረጋ በል። እነዚህ ከኋላቸው ያለውን ያሳያሉ፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ መቁረጥም ሙሉ በሙሉ መተውም ውሸት ይመስላል። የኢሬዘርን ኦፓሲቲ (ጥንካሬውን) ቀንሰህ ልታሳሳው ትችላለህ፣ ግን አንዴ ካሳሳኸው መልሰህ አታወፍረውም። ማስክ በ8 ቢት ፋይል ከጥቁር እስከ ነጭ 256 ደረጃ አለው። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። መጀመሪያ ማስኩ ላይ ቬሎውን በሙሉ ነጭ አድርጌ እተወዋለሁ። ከዚያ ጠርዙ ለስላሳ የሆነ ጥቁር ብራሽ እይዛለሁ፣ ፍሎው (በአንዴ የሚወጣው የቀለም መጠን) 10 አካባቢ። ጨርቁ ሳይደራረብ ስስ በሆነበት ደጋግሜ አሻለሁ፣ አዲሱ ባክግራውንድ ቀስ እያለ ይወጣል። ተደራርቦ በታጠፈበት ነካ ብቻ። የጥልፉን ጠርዝ አልነካውም። የሀበሻ ልብስ ከሆነ ጥለቱ ሙሉ ነጭ ሆኖ ይቆያል፤ የነጠላውን ጫፍ ክሮች ግን ብራሹን በጣም አቅጥኜ አንድ በአንድ ነው የምመልሳቸው። አድካሚ ነው። ሙሽሮች ግን መጀመሪያ የሚያዩት እዚያ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። መናፈሻ ውስጥ የተነሣ ቬሎ የዛፉን አረንጓዴ ይዞ ይመጣል፣ ምንም ያህል በጥንቃቄ ብትቆርጠው አይለቅም። ከላዩ አዲስ ሌየር አድርግ፣ ቀለሙ ከሙሽራዋ ቅርጽ እንዳይወጣ በክሊፒንግ ማስክ ሙሽራዋ ሌየር ላይ አጣብቀው፣ የሌየሩን ብሌንድ ሞድ ከለር በለው። ከዚያ ከራሱ ከቬሎው ንጹሕ ቦታ ቀለም ወስደህ አረንጓዴው ላይ በስሱ ቀባ። ጥላውና ብርሃኑ ሳይነካ አረንጓዴው ብቻ ይሄዳል።

ፀጉር ላይ ብዙ አልቆይም። ሴሌክት ኤንድ ማስክ በሚባለው የፎቶሾፕ መስኮት ውስጥ የጠርዝ ማጣሪያዋ ብራሽ አፍሮንም የተበተነ ፀጉርንም ከእጅ በተሻለ ትይዛለች። ስትጨርስ ውጤቱን ወደ ሌየር ማስክ አውጣው በላት።

ማስክ ስትጀምር ሁለት ቦታ ተጠንቀቅ። ብራሽ ከማንሣትህ በፊት ማስኩን ክሊክ አድርገህ ዙሪያው ፍሬም መኖሩን እይ፤ ፍሬሙ ፎቶው ላይ ከሆነ ሙሽራዋን ራሷን ጥቁር ትቀባታለህ። ማስኩን ወደ ቆሻሻ መጣያው ስትጎትተው «አፕላይ» የሚል ጥያቄ ከመጣ ደግሞ እሺ እንዳትል። አፕላይ ማለት የደበቅከውን በእውነት መቁረጥ ነው፣ ከኢሬዘር አንድ ነው። ወደ ማተሚያ ከመላክህ በፊት አልት ይዘህ ማስኩን ክሊክ አድርግ፤ ማስኩ ብቻውን በጥቁርና ነጭ ይታያል። ጥቁር መሆን ባለበት ቦታ የቀሩ፣ ስክሪን ላይ ያላየሃቸው ግራጫ ነጠብጣቦች እዚያ ይወጣሉ፣ በጥቁር ድፈናቸው። ለማተሚያ ጄፔግ ስጥ፣ ፒኤስዲው ግን አንተ ጋ ይቅር። ጄፔግ ሌየርም ማስክም አይይዝም።

ፎቶሾፕ ከሌለህ ጊምፕ በነጻ ማስክ አለው፣ ፎቶፒም በብራውዘር ፒኤስዲ ይከፍታል።

አሁን ኦሪጅናሉን ፈልግና ቁጥር 1ን ሞክር። ሌየሩን ሪሳይዝ አድርገኸው ከነበረና ኦሪጅናሉ አልገጥም ካለህ፣ ሁለቱንም ሌየር መርጠህ ኤዲት ውስጥ ያለውን አውቶ አላይን ተጠቀም። እሱም ካልሠራ የሌየር ፓነልህን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ማታ ሥራ ስጨርስ አየዋለሁ። ቅዳሜ ሳይደርስ እንጨርሰዋለን።