ፀሐይ የማይለቀው በረንዳ ላይ ምን ይተከል? ጥያቄና መልስ

ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሕር ዳር በረንዳ ላይ ከሰዓት መቀመጥ ይከብዳል። አበባው ግን ቀኑን ሙሉ እዚያው ነው የሚውለው። ስለ በረንዳ አበባ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የመጣው ይኸው።

ጥያቄ፣ ከባሕር ዳር፦ ጋሼ፣ በረንዳዬ ወደ ምዕራብ የዞረ ነው፤ ከምሳ እስከ ማታ ፀሐይ ነው። ደግሞ ውሃ ማጠጣት እረሳለሁ። የማይደርቅብኝ ምን አለ?

መልስ፦ አንደኛ ሬት። ውሃውን በቅጠሉ ውስጥ ስለሚያጠራቅም ሳምንት ብትረሺው አይቀየምሽም። ሁለተኛ ቡገንቪላ። እሱ እንዲያውም ውሃ ሲበዛለት ቅጠል ብቻ ነው የሚያወጣ፤ ትንሽ ጠማ ሲያደርገው ያብባል። ገና ሥር ያልያዘ ችግኝ ከሆነ ግን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አደራ፣ አትርሺው። እሾህ ስላለው ከመግቢያው ፈቀቅ አድርጊው፤ የእንግዳ ነጠላ ይይዛል።

ጥያቄ፦ እንደ ከተማችን መንገድ ዘንባባ ባደርግስ?

መልስ፦ ትንሽ እያለ ያምራል። ሲያድግ ግን መሬት ይፈልጋል። ግቢ ካለህ እዚያ ትከለው።

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ፦ ለባሕር ዳር ሰው ቀላል ነው። የእኛ ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ደግሞ ብርዱ አያስቆምም። ለእኛስ?

መልስ፦ እውነትህን ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እናንተ ከ2,400 በላይ ናችሁ። ለእናንተ ጂራኒየም ነው። ቀን ፀሐይ፣ ማታ ቀዝቀዝ ሲል ደስ ይለዋል። መግዛትም አያስፈልግህም፤ ጎረቤት ጠይቅ። ጣት የሚያህል ጤነኛ ቅርንጫፍ ከአንጓው ሥር በስለት ቁረጥ። የታችኛዎቹን ቅጠሎችና አበባ ካለው አበባውን አንሳ። ከዚያ ወዲያው አትትከለው። ጥላ ውስጥ አንድ ቀን አሳድረው፤ የተቆረጠው ቦታ ደረቅ ሲል አሸዋ በበዛበት አፈር ላይ ሰካው። ሥር እስኪያወጣ ብዙ ውሃ አትስጠው፣ ግንዱ ከሥር ይጠቁርና ይበሰብሳል። የደረቀ አበባውን እየቀነጠብክ ከጣልክ ደጋግሞ ያብባል።

ጥያቄ፣ ከቡሬ፦ በየቀኑ አጠጣለሁ፣ ቅጠሉ ግን ቢጫ እየሆነ ይረግፋል። ውሃ ልጨምርለት?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ከዚህ ሁሉ ጥያቄ ዋናው ይሄ ነው። በረንዳ ላይ ከጥም ይልቅ በውሃ ብዛት የሚሞተው አበባ ይበልጣል ባይ ነኝ። ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቺ። እርጥብ ከሆነ ተይው፤ ከደረቀ ከታች እስኪወጣ ድረስ አጠጪ። ዕቃው ከሥሩ ቀዳዳ አለው? ከሌለው በሚስማር ብሺው። አፈሩስ ምንድነው? ጥቁር ዋልካ ከሆነ ዝናብ ሲነካው ይጨቀያል፣ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል፤ ሥር አይተነፍስበትም። ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ በደንብ የተብላላ ፍግ ቀላቅይ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ በምን ዕቃ ልትከል?

መልስ፦ በአገኘኸው፤ ግን ትልቅ ይሁን። አምስት የወተት ቆርቆሮ ከመደርደር አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቆርጦ መጠቀም ይሻላል። ትንሽ ዕቃ በፀሐይ ቶሎ ይደርቃል፣ ቆርቆሮ ደግሞ ይግላል። ሸክላ ለሥር ጥሩ ነው፤ ቶሎ ስለሚደርቅ ግን ውሃ ይጠይቃል። ሲሚንቶው ስለሚጋይ ከሥሩ ጡብ አድርግ።

ጥያቄ፣ ከፍኖተ ሰላም፦ ልጄ፣ እኔ አበባ አይደለም የምፈልገው። ለቡና ጤና አዳም፣ ለበርበሬ በሶብላ በረንዳዬ ላይ ይበቅልልኛል?

መልስ፦ ይበቅላል እንጂ እማማ! ጤና አዳም ፀሐይ ይወዳል፣ ውሃም አያበዛም። ግን በጠራራ ፀሐይ አይቁረጡት። ፈሳሹ ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ውሃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል። ማታ ይቁረጡና እጅዎን ይታጠቡ። በሶብላ ግን ውሃ ወዳድ ነው፤ በሙቀት ወቅት በየጠዋቱ ያጠጡት። ቅጠሉን ከፈለጉ ጫፉን እየቀነጠቡ፣ ለበርበሬው ከሆነ ደግሞ እስኪያብብ ይተዉት። የጥብስ ቅጠልም ቢጨምሩበት እሱ ከሁሉም ቻይ ነው።

ጥያቄ፦ ቅንጭብ በባልዲ አለኝ፣ ምንም አይነካውም። ጎረቤቴ ጣለው አለችኝ፤ ልጆች አሉኝ።

መልስ፦ ጎረቤትህ ልክ ናት። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። ልጆች ከማይደርሱበት አጥር ጋ ውሰደው፤ ስትነካውም ጓንት አድርግ። ኦሊያንደርም እንዲሁ፤ አበባው ቢያምርም ከቅጠል እስከ ግንዱ መርዝ ነው።

ጥያቄ፦ ክረምት ሲገባስ?

መልስ፦ የጎጃም ክረምት ቀልድ አያውቅም። ሬቱንና የጥብስ ቅጠሉን ጠፈጠፍ ከሚወርድበት ወደ ግድግዳው አስጠጉ። ከሥራቸው ሳህን ካለ አንሱት፣ ውሃ ያቁራል። ጂራኒየሙን ከዝናቡ በፊት ከርክሙት፤ ቁራጩን ለጠየቀ ስጡ።