አሲድ ጠብ ሳታደርጊበት አፈር እንዳትልኪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። በአባይ በረሃ የግጦሽ መሬት ላይ ሙቀቱና የዝናቡ መዛባት የአፈሩን ካርቦን ምን እንዳደረገው ልታጠኚ ነው። በደጀን በኩል ወርደሽ ናሙና ከመውሰድሽ በፊት ምክር ፈልገሻል። እኔ ያንን ቁልቁለት በእግሬ ነው የማውቀው። የማስተርስ ጽሑፌ አፈር አስግጦኛል፣ በሁለቱም ትርጉሙ። ስለዚህ መጽሐፍ ላይ የምታገኚውን ትቼ የከፈልኩበትን ብቻ ልንገርሽ።

1. ደብዳቤ። ዩኒቨርሲቲው «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ የሚሰጥሽን ወረቀት ይዘሽ እንዳትሄጂ። እኔ ይዤ ሄጄ አንድ ቢሮ በር ላይ ሦስት ቀን ተጎለትኩ። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «አፈሩን ለማን ልትሸጠው ነው?» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ለካ የምሩን ነው! ደብዳቤው ወረዳውንም ቀበሌውንም በስም ይጥራ። ከዚያ እሁድ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ጠብቀሽ ለሽማግሌዎቹ ራስሽ አስረጂ። አለበለዚያ መሬት ለባለሀብት ልትለካ የመጣች ነች ይሉሻል፤ ወይ ወርቅ ፈላጊ።

2. የካርቦኑን በመቶኛ ብቻ ይዘሽ እንዳትመለሺ። ይዘቱ በታወቀ የብረት ቀለበት አፈሩን ሳታፈራርሺ አውጥተሽ፣ በ105 ዲግሪ አድርቀሽ ባልክ ዴንሲቲውን፣ ማለት የደረቀው አፈር ክብደት ለቀለበቱ ይዘት ሲካፈል የሚመጣውን፣ ያዢ። ለምሳሌ ካርቦኑ 1.2 በመቶ፣ ዴንሲቲው በኩቢክ ሴንቲሜትር 1.3 ግራም፣ ጥልቀቱ 30 ሴንቲሜትር ከሆነ፣ ሦስቱን ስታባዢ 46.8 ቶን በሄክታር ይመጣልሻል። ጠጠሩን ቀንሺ፤ እዚያ ጠጠር በጠጠር ነው። ከብት የረገጠው መሬት ደግሞ ጥቅጥቅ ይላል። እኩል 30 ሴንቲሜትር ብትቆፍሪም ከተረገጠው ብዙ አፈር ነው የምታወጪው፣ ካርቦኑም በዝቶ ይታይሻል። ጽሑፌን ሳቀርብ እዚህ ላይ እንኳ ማንም አልነካኝም።

3. ዝናብ ሳይጥል ጨርሺ። ግማሹን ደረቅ፣ ግማሹን እርጥብ ወስደሽ ማወዳደር ጣጣ ነው። በተለይ ከአፈሩ የሚወጣውንም ጋዝ የምትለኪ ከሆነ ተጠንቀቂ። ደርቆ የከረመ አፈር ድንገት ሲርስ ውስጡ ያደፈጡት ረቂቅ ተሕዋስያን ይነቁና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተፋሉ። በርች የሚባል ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ኬንያ ሆኖ ያጠናው ነገር ነው፤ ክስተቱም በስሙ ቀረ። ዝናቡ ሲቆራረጥ፣ አፈሩ ደረቅ ርጥብ ሲል፣ ያ ትፋት ይደጋገማል። ሙቀቱን ብቻ ግን አትወንጅዪ። አፈሩ ከደረቀ ተሕዋስያኑም ሥራ ያቆማሉ፤ ሣሩም ሥር መስደዱን ይቀንሳል። የሣር መሬት ካርቦን ደግሞ አብዛኛው ከመሬት በታች ነው።

4. አሲድ። ኧረ ይሄን ነበር መጀመሪያ መጻፍ የነበረብኝ።

የኔ ጥናት ቀላል ነበር። ለዓመታት ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ የተደረገን ቦታ አጠገቡ ካለው ክፍት ግጦሽ ጋር ማወዳደር። 48 ከረጢት አፈር በአህያ ጭኜ አወጣሁ። (የአህያዎቹ ባለቤት «ላይ ቤት አፈር አጥታችሁ ነው?» እያሉ እስከ አስፋልቱ ሳቁብኝ።) ላቦራቶሪው አፈሩን በማሽን ከ900 ዲግሪ በላይ አቃጥሎ የሚወጣውን ጋዝ የሚለካ ነው። ዘመናዊ ነው፣ ውድም ነው። ታላቅ ወንድሜ ሁለት በግ ሸጦ ነው የከፈለልኝ።

ውጤቱ መጣ። ራቁቱን የቀረው፣ ጎርፍ የላጠው ክፍት ግጦሽ ከተከለለው የበለጠ ካርቦን አለው! ወደ ታች ሲቆፈር ደግሞ ይጨምራል። ደስታዬን አትጠይቂኝ። ዓለም ያላየውን ያየሁ መሰለኝ። በዚህ ላይ ሙሉ ምዕራፍ ጽፌ፣ ከረባት አስሬ ዲፌንስ ቆምኩ። ፈታኙ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «አሲድ ጠብ አድርገህበታል?»

አላደረግኩም። ላቦራቶሪውም አልጠየቀኝም። ኋላ ሄጄ ሳማርር «ጠቅላላ ካርቦን አልክ፣ ጠቅላላ ካርቦን ሰጠንህ» አሉኝ። እውነት ነው፣ ፎርሙን እንዲያ ብዬ ነው የሞላሁት። ግን ናሙናው ከየት እንደመጣ ከረጢቱ ላይ ተጽፏል። አንድ ሰው አፉን ቢከፍት ምን ነበር?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከላይ ደጋው ባዝልት ነው፣ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ። ወደ ሸለቆው ስትወርጂ ግን የኖራ ድንጋይ ይመጣል፣ ሲሚንቶ የሚሠራበቱ። በዳይኖሰሮች ዘመን አገሩን ሸፍኖት ከነበረ ባሕር የቀረ ነው። እሱም ውስጥ ካርቦን አለ፤ ካርቦኔት ሆኖ። ማሽኑ የሣር ሥር ይሁን ድንጋይ አይለይም፣ የሁሉንም ጋዝ ይቆጥራል። ክፍት ግጦሹ ላይ የላይኛው አፈር ታጥቦ ስለሄደ እኔ የለካሁት ድንጋዩን ነበር። ያ ካርቦን ደግሞ በአምስት ዓመት ድርቅም፣ በከብትም የሚነቃነቅ አይደለም።

ያዳነኝ ከየከረጢቱ ግማሹን ማስቀረቴ ነው። እናቴ «ይሄን አፈር መቼ ነው ከቤቴ የምታወጣልኝ?» እያለች ስትነዘንዘኝ ነው የከረመችው። ካርቦኔቱን በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አጥቤ እንደገና አስለካሁ። ለማመሳከሪያ ጥቂቱን ዋልክሊ ብላክ በሚባለው፣ ካርቦኑን በማሽን ሳይሆን በኬሚካል በሚለካው ዘዴ አሠራሁ። እሱ ርካሽ ነው፣ ካርቦኔቱንም አይነካም። ግን የአፈሩን ካርቦን ሁሉ ስለማያገኝ ውጤቱ በ1.3 ገደማ ይባዛል። ሁለቱም አንድ ነገር ተናገሩ፦ የተከለለው በለጠ። ያቺን ምዕራፍ እንዳለች ቀደድኳት። ድጋሚ ስቀርብ ያው ፈታኝ «አሁን አፈር ለካህ» አሉኝ። ከዲግሪው ይልቅ ያቺን ቃል ነው የምወዳት።

እና አንቺ 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በትንሽ ጠርሙስ ያዢ፣ ጓንትም አድርጊ። በየጉድጓዱ፣ በየጥልቀቱ ጠብ አድርገሽ አረፋ መውጣቱን መዝግቢ፤ አረፋ ካወጣ ካርቦኔት አለበት ማለት ነው። አሲድ ካጣሽ አቼቶም ይሞከራል፣ ግን ደካማ ነው፤ ዝም ቢልሽ አትመኚው። ላቦራቶሪ ስትሄጂ ደግሞ ፎርሙ ላይ «ኦርጋኒክ ካርቦን» ብለሽ ሙዪ፣ ካርቦኔቱን በምን እንደሚያስወግዱትም ገንዘቡን ሳትከፍዪ ጠይቂ።

ቦታሽ ከገደሉ አፋፍ በላይ፣ ባዝልቱ ላይ ከሆነ ላይፈላ ይችላል። ቢሆንም ጠብ አድርጊበት። ግማሽ ግማሽ ከረጢቱንም ቤት አስቀምጪ፤ የእናትሽን ንዝንዝ ቻይው።