ኢቮሉሽን፣ ዝግመተ ለውጥ እና መድኃኒት «የለመደ» መዥገር

ጥያቄ፦ በልጄ ደብተር ላይ ኢቮሉሽን «ዝግመተ ለውጥ» ተብሎ ተጽፏል። ቃሉ ከየት መጣ? ሁልጊዜስ ዝግ ያለ ነው? እዚህ የወተት ላም አርቢዎች «መዥገሩ መድኃኒቱን ለመደው» ይላሉ፤ ልጄ ይሄም ኢቮሉሽን ነው ብሎ ይሟገተኛል። (ከሱሉልታ)

መልስ፦ ልጅዎ ልክ ነው።

ቃሉ የላቲን ነው፤ «ኤቮልዌሬ» የተጠቀለለን መዘርጋት ማለት ነው። በጥንት ሮም መጽሐፍ ጥቅልል ስለነበር ማንበብም መዘርጋት ነበር። የብራና ክታብ ያየ ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል፦ ጥቅልሉ ሲፈታ ጽሑፉ ከላይ ወደ ታች ብቅ ይላል፤ የሚታየው ግን ቀድሞ የተጻፈው ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመንም አንዳንድ ሊቃውንት ፅንስ ገና ከጅምሩ አካሉ ተሟልቶ በትንሹ አለ፣ የሚቀረው መዘርጋት ብቻ ነው ብለው ያምኑ ስለነበር ይህንኑ ኢቮሉሽን ብለውታል።

የእንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ የዳርዊን ሐሳብ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ቀድሞ የተጻፈ ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው «የዝርያዎች አመጣጥ» ውስጥ «ኢቮሉሽን» የሚለውን ስም አልተጠቀመበትም፤ የመጽሐፉ የመጨረሻ ቃል ግን ከግሡ የወጣው «ኢቮልቭድ» ነው። ስሙ የገባው በ1872ቱ እትም ነው።

የሚገርመው ሪቮሉሽንም ከዚያው የላቲን ግሥ ሥር መወለዱ ነው። አማርኛ ግን ሁለቱን ለያይቷቸዋል። አብዮት ከግዕዙ «አበየ»፣ እምቢ አለ፣ የመጣ ነው፤ ዝግመት ደግሞ ከ«አዘገመ» ጋር ይዛመዳል። «ዝግመተ» ላይ ያለችው «ተ» እንደ «ሥርዓተ ትምህርት» ሁለት ስሞችን የምታያይዝ የግዕዝ ማዛረፊያ ናት። ስለዚህ «ቀስ በቀስ የሚካሄድ ዝግመተ ለውጥ» ብሎ መጻፍ ድግግሞሽ ነው።

ትርጉሙ ያማረ ቢሆንም አንድ ችግር አለበት፤ ዝግታው የሚለካው በዓመት ሳይሆን በትውልድ ነው። የመዥገር ትውልድ ከሰው ትውልድ በጣም ቶሎ ይተካካል፤ አንዲቷም በሺዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች ትጥላለች።

«ለመደ» የሚለውም ያሳስታል። ላም አላቢዋን ትለምዳለች፤ ያቺው ላም፣ በዕድሜዋ። መዥገር ግን እንዲህ አይለምድም። ከብዙዎቹ መካከል ጥቂቶች በውርስ መርዙን የሚቋቋሙ ናቸው። ሲረጭ ሌሎቹ ይሞታሉ፣ እነዚህ ይተርፉና ይራባሉ፤ ቀጣዩ ትውልድ በአብዛኛው የእነሱ ልጅ ነው። የተለወጠው መንጋው እንጂ አንዷ መዥገር አይደለችም።

መድኃኒቱን ለመቆጠብ አቅጥኖ መበጥበጥ ከፊል የሚቋቋሙትንም ያተርፋቸዋል። በመለያው በተጻፈው ልክ ይበጥብጡ፤ ጆሮ ውስጥ፣ ጅራት ሥርና ጡት አካባቢ በደንብ ይድረስ። ሳይሠራ ሲቀር የንግድ ስሙን ብቻ መቀየር ዋጋ የለውም፤ ውስጡ ያው ንጥረ ነገር ሊሆን ይችላል። የእንስሳት ሐኪሙን በአሠራሩ የተለየ ዓይነት እንዲያዝልዎ ይጠይቁት።

ልጅዎ ደብተሩ ላይ እንዲህ ቢጽፍ ትክክል ነው፦ «መድኃኒቱን የሚቋቋም የመዥገር መንጋ በዝግመተ ለውጥ ተገኘ።»