የአንባቢያን ጥያቄ፦ ስድስት ጓደኛሞች፣ አንድ የሸራ ጀልባ፣ ስንት ከተማ?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ። ስድስት ጓደኛሞች ነን፣ በዚ በጋ ክሮኤሺያ ሄደን ከስፕሊት የሸራ ጀልባ ለአንድ ሳምንት ልንከራይ ነው። አንዱ ጓደኛችን ላይሰንስ አውጥቷል ግን እስካሁን ብዙ አልነዳም። ፕላናችን ትሮጊር፣ ህቫር፣ ቪስ፣ ኮርቹላ፣ ምልየት፣ ዱብሮቭኒክ ከዛ ተመልሶ ስፕሊት ነው። ካርታ ላይ ሲታይ ሁሉም ቅርብ ለቅርብ ነው። ግማሾቻችን ይቻላል እያልን ነው፣ ሌሎቹ ደሞ በጣም በዛ፣ ቢያንስ ስኪፐር (ጀልባውን የሚነዳልን ባለሙያ) እንቅጠር ይላሉ። ሳምንት ሙሉ ተከራክረን አልተስማማንም፣ እስቲ ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ደስ የሚል ነገር ነው ያሰባችሁት። አንድን የድሮ ወደብ ከባህር በኩል መግባት ማለት ከተማው የተሰራው ለማን እንደሆነ ማየት ማለት ነው፣ ግንቡም ደወል ቤቱም አደባባዩም ፊቱን ያዞረው ወደ ባህር ነው። ግን ፕላናችሁን ሳነበው ደነገጥኩ፣ ምክንያቱም በዚ አካሄድ ከተሞቹን አታዩዋቸውም።

እስቲ አብረን እናስላው። 12 ሜትር አካባቢ የሆነ የሸራ ጀልባ በደህና ቀን በሰዓት 5 ወይ 6 የባህር ማይል ነው የሚሄደው (አንዱ የባህር ማይል 1852 ሜትር ነው)። እናንተ የጻፋችሁት ዙር መዳረሻውን ሁሉ ጨምሮ ከ200 ማይል ያልፋል። ጀልባው ቅዳሜ ከሰዓት ነው የሚሰጣችሁ፣ አብዛኛዎቹ አከራዮች ደሞ አርብ ማታ ቤዙ (የተከራያችሁበት ወደብ) ላይ ተመልሶ እንዲያድር ይፈልጋሉ፣ ስለዚ ያላችሁ ስድስት ቀን ነው። ሲካፈል በቀን 35 ማይል ገደማ፣ ማለትም በየቀኑ ስድስት ሰባት ሰዓት መጓዝ፣ ማሰርና መፍታቱ ሳይቆጠር። ከተማውን መቼ ልታዩት ነው?

ከርቀቱ በላይ ግን እኔን የሚያሳስበኝ ነፋሱ ነው። እዛ ባህር ላይ በበጋ ማይስትራል የሚባል ነፋስ አለ፣ ከሰሜን ምዕራብ ነው የሚመጣው፣ እኩለ ቀን አካባቢ ይነሳና ከሰዓት እየጠነከረ ሄዶ ፀሀይ ስትጠልቅ ይተኛል። ጠባዩ ጥሩ ነው፣ ሰማዩ እንደጠራ ነው የሚነፍሰው። እናንተ ከስፕሊት ወደ ዱብሮቭኒክ ስትወርዱ ከኋላ እየገፋ ነው የሚወስዳችሁ፣ ሞተሩን ታጠፉና ውሃው ጎን ለጎን ሲያልፍ ብቻ ነው የምትሰሙት፣ ሁሉም ሰው ዝም ይላል፣ በቃ ለዚ ነው የመጣነው ትላላችሁ። ችግሩ መመለሻው ላይ ነው። የሸራ ጀልባ ነፋስ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ መሄድ አይችልም፣ ወደ 45 ዲግሪ እየሰነጠቀ በዚግዛግ ነው የሚወጣው፣ እና 10 ማይል የነበረው መንገድ 14 ይሆናል፣ ማዕበሉም ፊት ለፊት እየመታችሁ ነው። ስለዚ ሲወርዱ በሁለት ቀን የተሄደው ሲመለሱ ሶስት አራት ቀን ሊፈልግ ይችላል። ካርታው ይሄን አይነግራችሁም።

ይሄን ያወቅኩት በራሴ ነው። አንድ ጊዜ ከጓደኞቼ ጋር ልክ እንደናንተ ከተማ እየቆጠርን ሄደን ህቫር የደረስነው ጨልሞ ነው፣ የወደቡ ጠርዝ ሞልቷል፣ ጀልባዎች እንደ ጥርስ ተደርድረዋል። አንድ ቀዳዳ አገኘንና በጀርባ መግባት ጀመርን። እዛ ስትታሰሩ ከፊት የሚይዛችሁ ገመድ ከባህሩ ስር ነው የሚወጣው፣ ጭቃና ዛጎል የተጣበቀበት ነው፣ ጓደኛዬ ጓንት ሳያደርግ ሳበውና መዳፉ ተቆረጠ፣ ገመዱን ለቀቀው፣ ነፋሱ የጀልባችንን አፍንጫ ወደ ጎረቤት ጀልባ ገፋው፣ መሪ የያዘው ይጮሃል፣ ከኋላ ያለው ይጮሃል፣ ማን ምን እንደሚል አይሰማም። ምንም አልሰበርንም፣ ግን ያን ማታ ከተማ የወረደ ሰው አልነበረም፣ ሁለቱ ጓደኞቼ እስከ ማግስቱ አልተነጋገሩም። ከዛ በኋላ አንድ ህግ አወጣን፣ ከእኩለ ቀን በኋላ ብዙም ሳይቆይ ወደብ መግባት፣ ካልተቻለ ደሞ ከተማውን ትቶ በቀን ብርሃን ጥሩ የመልህቅ ቦታ መፈለግ። ህቫር ፊት ለፊት ያሉት የፓክሌኒ ደሴቶች ለዚ የተሰሩ ነው የሚመስሉት። ስድስት ሜትር ጥልቀት ላይ ከሆናችሁ ሰላሳ ሜትር ያህል ሰንሰለት ልቀቁ፣ ከዛ ዋና የሚችል ሰው መነፅር አድርጎ ወርዶ መልህቁ አሸዋ ውስጥ መቀበሩን በአይኑ ይይ። በአይን ካልታየ እንቅልፍ የለም።

ስለዚ የኔ ምክር ሶስት ከተማ ነው፣ ቢበዛ አራት። ቅዳሜ ስፕሊት እደሩ፣ ማታውን የዲዮክሌሺያንን ቤተ መንግስት ለማየት ተጠቀሙበት። ይሄ ሰው እኮ በስንክሳር የምናውቀው ዲዮቅልጥያኖስ ራሱ ነው፣ ዘመነ ሰማዕታት የሚቆጠርበት ንጉስ፣ እ.ኤ.አ. በ305 ስልጣን ለቆ እዚ መጥቶ ነው የኖረው። የሚገርመው መቃብሩ በኋላ ካቴድራል ሆነ፣ የተሰየመውም በሱ ዘመን ለተገደለው ጳጳስ ለቅዱስ ዶምኒየስ ነው። ሳላውቅ ገብቼ ይሄን ስሰማ ቆሜ ቀረሁ።

እሁድ ወደ ህቫር፣ ሰኞ እዛው ዋሉ፣ ከከተማው በላይ ያለው ምሽግ ድረስ በእግር ውጡ፣ ከ1612 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን ቲያትር ቤትም እዩ። ማክሰኞ ማይስትራል ከኋላ እየገፋችሁ ኮርቹላ፣ ረቡዕም እዛው። ኮርቹላን ከሁሉም አብልጬ ነው የምወዳት፣ መንገዶቿ እንደ አሳ አጥንት ከመሀል ወደ ሁለት ጎን ይወጣሉ፣ በምዕራብ በኩል ያሉት ቀጥ ያሉ ናቸው የበጋው ነፋስ ገብቶ እንዲያቀዘቅዝ፣ በምስራቅ በኩል ያሉት ደሞ ጎበጥ ተደርገዋል ቡራ የሚባለው የክረምት ነፋስ ሰተት ብሎ እንዳይገባ። ቀኑን ሙሉ ነፋስ ስትከታተሉ ቆይታችሁ እዛ መንገድ ላይ ስትራመዱ ከተማውን የሰሩት ሰዎች ልክ እንደናንተ ሰማዩን ሲያዩ እንደነበር ይገባችኋል። ሐሙስ ገና ሳይነጋ ሞተር አስነስታችሁ ነፋሱ ሳይነሳ ብዙውን መንገድ ጨርሱ፣ የህቫር ደሴት ሰሜን በኩል ስታሪ ግራድ እደሩ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ384 ግሪኮች የቆረቆሩት ከተማ ነው፣ ከህቫር ከተማም ይረጋጋል። አርብ ቤዝ።

ዱብሮቭኒክን በጀልባ አትሂዱበት። ከአሮጌው ወደብ ገብተን ግንቡ ስር እናድራለን ብላችሁ ከሆነ አይሆንም፣ ማሪናው (ጀልባ የሚታሰርበት ወደብ) ኮሞላጽ የሚባል ቦታ ወደ ውስጥ ገብቶ ነው፣ ከዛ ወደ ከተማው አውቶቡስ ነው የምትይዙት። ስለዚ ጀልባውን ከመለሳችሁ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ጨምራችሁ በአውቶቡስ ወይ በፈጣን መርከብ ሂዱ፣ 1940 ሜትር የሚረዝመውን ግንብ ጠዋት ሳይሞቅ ዙሩት። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ቪዛ የሚጠየቅ ፓስፖርት የያዘ ካለ ክሮኤሺያ ከ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ሸንገን ውስጥ ናት፣ የመንገዱ አንድ ቁራጭ ግን ኔውም የምትባል ከተማ ላይ በቦስኒያ ያልፋል። በ2022 የተከፈተው የፔልየሻጽ ድልድይ ያንን ይዘለዋል፣ ትኬት ስትቆርጡ አውቶቡሱ በየት እንደሚሄድ ጠይቁ፣ ቪዛችሁ አንዴ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ስኪፐር ግን ቅጠሩ። ላይሰንስ ያለው ጓደኛችሁ እንዳይከፋው፣ ከስኪፐሩ ጎን ሆኖ ሳምንቱን ሙሉ ይንዳ፣ ወደብ መግባት ይለማመድ፣ ከማንኛውም ኮርስ በላይ ይማርበታል። ስኪፐሩ አልጋ እንደሚያስፈልገውና ምግቡ በናንተ እንደሆነ አስቡ፣ ሰባት ሰው ናችሁ ማለት ነው። ከባህሩ ዳር ያለው ቢዮኮቮ ተራራ አናት ላይ ነጭ ደመና እንደ ኮፍያ ተጭኖ ሲታይ በበጋም ቢሆን ቡራ ሊወርድ ይችላል፣ ያኔ «ዛሬ አንወጣም» ካለ አንወጣም ነው፣ ድምፅ አይሰጥበትም። ይሄን ከመሄዳችሁ በፊት ተስማሙ።

ጥያቄ፦ እኔ መኪና ውስጥ እንኳን ያስመልሰኛል፣ ዋናም አልችልም። ጓደኞቼ ግን ነይ ብለው ለምነውኛል። ልሂድ ወይስ ልቅር?

መልስ፦ ሂጂ፣ ግን ተዘጋጅተሽ። የሚያምሽ ጆሮሽ ውስጥ ያለው ሚዛን ተንቀሳቀስን ሲል አይንሽ ደሞ የለም ቆመናል ሲል ነው፣ ስለዚ ታች ካቢን ውስጥ ገብቶ መተኛት ወይ ስልክ ማየት ሲጀምርሽ ያባብሰዋል። ላይ ሁኚ፣ ከጀልባው ኋላ መሀል ላይ ተቀመጪ፣ አድማሱን እዪ፣ ከቻልሽ መሪውን ያዢ፣ የሚነዳ ሰው ብዙም አይታመምም። መድሀኒቱን ፋርማሲ ጠይቀሽ ከመነሳታችሁ በፊት ዋጪው፣ ከጀመረሽ በኋላ ሆድሽ ውስጥ አይቆይም። ጓደኞችሽም አጭር አጭር መንገድ ይምረጡ። ስለ ዋናው፣ ላይፍ ጃኬትሽን ከእግር ጫማ በፊት ልበሺ፣ በልክሽ ይስተካከል፣ ያዝ የሚያደርገው ቀበቶ በእግሮችሽ መሀል እንዲያልፍ አድርጊ አለበለዚያ ውሃ ውስጥ ወደ ላይ ተስቦ ፊትሽን ይሸፍነዋል። ማታ ብቻሽን ከላይ አትውጪ። ሬዲዮው ላይ ቻናል 16 የአደጋ ጥሪ እንደሆነ፣ በስልክ ደሞ ክሮኤሺያ ውስጥ የባህር አደጋ ቁጥር 195 እንደሆነ አንቺም እወቂ፣ ስኪፐሩ ራሱ ውሃ ውስጥ ከገባ የሚደውለው ሌላ ሰው ነው።

ጥያቄ፦ አራት ሆነን ሄደን በገንዘብ ተኳርፈን ተመለስን። ዘንድሮስ?

መልስ፦ የጋራ ቦርሳ። መጀመሪያ ቀን ሁሉም እኩል ዩሮ ያስገባ፣ የምግብ፣ የናፍጣ፣ የማሪና ሂሳብ ከዛ ብቻ ይከፈል፣ ሲያልቅ እኩል ይጨመር። ሬስቶራንት የራስ ይሁን፣ ሁሉም ሰው አንድ አይነት ኪስ የለውም። ዲፖዚቱ ላይ ማን ስሙን እንዳስገባ ደሞ አትርሱ፣ ሲጎዳ አራታችሁም እንደምትከፍሉ በፅሁፍ አድርጉት። ጀልባውን ስትረከቡ ጎኑን፣ ሸራውን፣ ትንሿን ጀልባና ሞተሯን በቪዲዮ ቅረፁ፣ እኛ ከኛ በፊት ለተጫረ ነገር ልንከፍል ስንል ያዳነን እሱ ቪዲዮ ነው።