ከገና የተረፈ የቱርክ ዶሮ፦ ቁሌት ውስጥ ወይስ በክሬም?

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ! የምጽፍልዎ ከጎንደር፣ ከማራኪ ነው። ባለፈው ገና እህቴ ከአሜሪካ መጥታ ትልቅ የቱርክ ዶሮ በነጭ ሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል ጠብሳልን ነበር። ዶሮ ወጡ ስለነበረ ግን ማን ይንካው፣ የደረቱ ስጋ እንዳለ ተረፈ። ዘንድሮም ልትጠብስ ነው። እሷ የተረፈውን ፈረንሳዮች በክሬም እንደሚሠሩት ነጭ ወጥ እናድርገው ትላለች፤ እናቴ ደግሞ «ቁሌት ውስጥ ጨምሩት» ባይ ናት። ክሬምስ ከየት ይመጣል? ለጥምቀት እንግዳ ስላለብን እስከዚያ ይቆይልን ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ እማማን አክብሬ፣ በዚህ ጉዳይ ግን ከእህትሽ ጋር ነኝ። የቱርክ ዶሮ ደረት ስብ የሚባል ነገር የለውም። አንዴ ተጠብሶ እንደገና ቁሌት ውስጥ ሲንተከተክ ከዋለ ገመድ ነው የሚሆነው። ነጩ ወጥ የሚፈልገው ስጋው እንዲሞቅ ብቻ ነው። ፈረንሳዮች ብላንኬት ይሉታል፣ በብዛት የሚሠሩትም በጥጃ ስጋ ነው፤ በተረፈ የቱርክ ዶሮም ያምራል።

አጥንቱን እንዳትጥዪው! የዚህ ምግብ ነፍሱ መረቁ ነው። አጥንቱን ሰባብረሽ ከካሮት፣ ከባሮ ሽንኩርትና ከጥቂት ጦስኝ ጋር በቀዝቃዛ ውሃ ጣጂው። ፈረንሳዮችም እዚህ መረቅ ውስጥ የጦስኝ ዘመድ ነው የሚጨምሩት፤ እናንተ ደግሞ የሰሜን ተራሮች ጎረቤት ናችሁ፣ ጦስኝ አይቸግራችሁም። እሳቱን ቀንሰሽ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ተዪው። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ነው የሚፈላው፣ ስለዚህ አትቸኩዪ።

ቅቤውን በተመለከተ፣ ንጥር ቅቤ በፍጹም! ኮረሪማውና ኮሰረቱ ሁሉንም ይውጠዋል። የገበታ ቅቤ ግዢ። 50 ግራሙን በቀስታ አቅልጪና 50 ግራም ፉርኖ ዱቄት ጨምረሽ ሁለት ሦስት ደቂቃ አማስዪው፣ ቀለሙ ግን እንዳይቀላ። ከዚያ ሦስት አራተኛ ሊትር የተጠለለ መረቅ ጥቂት በጥቂት እየጨመርሽ አማስዪ። መጀመሪያ ላይ ይጓጉላል፣ አትደንግጪ፣ እጅሽ ካላረፈ ይፈታል። ለአሥር ደቂቃ ያህል ይንተክተክ፤ ጥሬ ዱቄት ዱቄት ማለቱን እስኪተው ድረስ። አሁን ስጋውን በእጅሽ በትልልቁ ቆራርሰሽ ጨምሪና እስከ ውስጡ በደንብ ይጋል።

ክሬም ሱፐርማርኬት ካገኘሽ እሰየው። ካጣሽ ጥሬ ወተት አፍልተሽ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪና ላዩ ላይ የሚረጋውን ስልባቦት ሰብስቢ፤ እንደ ክሬም አይወፍርም፣ ጣዕሙ ግን ግሩም ነው። ግማሽ ሲኒ በሚያህል ክሬም ሁለት የእንቁላል አስኳል ምቺ። አንድ ጭልፋ ትኩስ መረቅ ጠብ እያደረግሽ ቀላቅዪበትና ድስቱን ከእሳት አውርደሽ መልሰሽ ጨምሪው። ከዚህ በኋላ ከፈላ እንቁላሉ ይቆራረጣል፣ ያ ሁሉ ልፋትም ገደል ይገባል። ሎሚ፣ ጨው፣ ትንሽ ቁንዶ በርበሬ፣ አለቀ። በርበሬ አትነስንሺበት፣ አደራ።

በሩዝ ወይም በተቀቀለ ድንች ይበላል። ከእንጀራ ጋር አልወደውም። ከገና በተረፈ ድፎ ዳቦ ግን መረቁን ጠራርጎ መብላት ነው!

ስለ ጥምቀቱ፦ ከገና እስከ ጥምቀት 12 ቀን ነው። የበሰለ ስጋ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ቀን ነው የሚቆየው፤ መሐል ላይ ረቡዕና ዓርብም አለ። ስለዚህ ማዕድ ከተነሣ በኋላ ገበታ ላይ ሳታሳድሪ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ስጋውን ከአጥንት ለይተሽ ፍሪዘር ክተቺው። መረቁንም ለብቻው። ክሬምና እንቁላሉን የጥምቀት ዕለት ነው የምትጨምሪው፣ ቀድመሽ ከጨመርሽ በረዶው ሲሟሟ ይለያያል። መብራት ከጠፋ ፍሪጁን አትክፈቺው፤ ሳይከፈት አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል።

ጥያቄ፦ (ከአዘዞ) በሐበሻ ዶሮ ቢሠራስ?

መልስ፦ ይሠራል፣ እንዲያውም መረቁ ይበልጣል። ግን ስጋው ጠንካራ ስለሆነ ጥብሱን አትሞክሪ። ጥሬውን ዶሮ እዚያው መረቅ ውስጥ እስኪለሰልስ ቀቅዪውና ወደ ቅቤና ዱቄቱ እለፊ።