በመጋቢት ስለሚያብበው የጫካ አበባ ስለ ብለድሩት፦ ጥያቄና መልስ

በዋሽንግተን ዲ.ሲ.፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ የምንኖር የዱር ዕፅዋት ወዳጆች በተስማማነው መሠረት፣ ዛሬ ብለድሩት ስለተባለው አበባ ለሚቀርብልኝ ጥያቄ መልስ እሰጣለሁ። በሳይንሳዊ ስሙ ሳንጉዊናሪያ ካናደንሲስ ይባላል፤ በወገኑ ውስጥ ብቸኛው ዝርያ ሲሆን ከፖፒ ቤተሰብ ይመደባል። ከካናዳ ኖቫ ስኮሺያ እስከ ፍሎሪዳ ባለው ምሥራቃዊ ጫካ ይበቅላል፤ ከመሬት በታች ያለው ወፍራም ግንዱ ሲሰበር ብርቱካናማ ቀይ ፈሳሽ ያወጣል። ከመጀመራችን በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ማንም ሰው ይህን ተክል ከጫካ አይንቀል። በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ዕፅዋትን መንቀል በሕግ የተከለከለ ነው።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ጋሼ፣ ልጆቼን ይዤ ላሳያቸው እፈልጋለሁ። መቼና የት ልሂድ?

መልስ፦ በእኛ አካባቢ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ወሩ መጨረሻ ባለው ጊዜ ያብባል፤ ብርዱ ከረዘመ ጥቂት ቀናት ሊዘገይ ይችላል። በሮክ ክሪክ ፓርክም ሆነ በሲ ኤንድ ኦ ካናል ዳር፣ ለምለም አፈር ያለበትን ተዳፋት ይመልከቱ። አበባው ማታና በደመናማ ቀን ስለሚከደን ፀሐይ ባለበት ቀን ከረፋዱ በኋላ ይሂዱ። እያንዳንዱ አበባ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ ኃይለኛ ዝናብ ከመጣ ደግሞ የአበባው ነጫጭ ቅጠሎች በአንድ ሌሊት ይረግፋሉ። ልጆቹ ከመንገዱ እንዳይወጡ ይጠብቋቸው።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ)፦ ባለፈው ቅዳሜ ጫካ ውስጥ አንድ ነጭ አበባ አየሁ። ብለድሩት ይሆን?

መልስ፦ በዚህ መግለጫ መልስ መስጠት አይቻልም። በዚህ ወቅት ነጭ አበባ የሚያወጡ የጫካ ዕፅዋት ብዙ ናቸው። የብለድሩት መለያው ቅጠሉ ነው። ከአንድ እምቡጥ አንድ ቅጠል ብቻ ይወጣል፤ አበባው ከመሬት ብቅ ሲልም ያ ቅጠል አገዳውን ዙሪያውን እንደ ነጠላ ተከናንቦት ይታያል። እባክዎ ቅጠሉን አይተው እንደገና ይጠይቁኝ።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ከፌርፋክስ)፦ መምህር፣ ዛፎቹ ገና ቅጠል ሳያወጡ ይህ አበባ ቀድሞ የሚወጣው ለምንድን ነው? በአገራችንስ እንዲህ ያለ አበባ አለ?

መልስ፦ ልጄ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። የዚህ ጫካ ዋና ዛፎች የሆኑት ኦክ፣ ቢች፣ ሂከሪና ቱሊፕ ፖፕላር በጥቅምትና በኅዳር ቅጠላቸውን አራግፈው አዲሱን የሚያወጡት በሚያዝያ ነው። ስለዚህ አፈሩ መሞቅ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ የዛፎቹ ጥላ እስኪዘጋ ድረስ ባሉት ጥቂት ሳምንታት የፀሐይ ብርሃን ያለ ከልካይ መሬት ይደርሳል። ብለድሩት ባለፈው ዓመት ከመሬት በታች ባጠራቀመው ምግብ ተነሥቶ በዚህች አጭር ጊዜ ያብባል፣ ቅጠሉንም ይዘረጋል። እንደ ስፕሪንግ ቢዩቲና እንደ ትራውት ሊሊ ያሉት ጎረቤቶቹ ጥላው ከመጣ በኋላ ፈጥነው ሲጠፉ፣ የእርሱ ቅጠል ግን አበባው ከረገፈ በኋላም እየሰፋ ሄዶ እስከ ሐምሌ ድረስ ይቆያል።

በአገራችን ደጋ ጥድ፣ ዝግባና ወይራ ዓመቱን ሙሉ ቅጠላቸውን ስለማያራግፉ በጫካው ውስጥ ይህ ዓይነቱ የብርሃን ወቅት የለም። የእኛ አበቦች ጊዜያቸውን የሚቆጥሩት በዝናብ ነው። አደይ አበባ በመስከረም የሚያብበው ክረምቱ ሲያበቃ ነው፤ ቦታውም ገላጣ ሜዳ እንጂ ጥላ አይደለም።

ጥያቄ (ከቦዊ)፦ ከቤቴ ጀርባ ያለው ጫካ ትልልቅ ዛፎች አሉት፣ ይሁን እንጂ አንድም ብለድሩት አይቼበት አላውቅም። ከወንዙ ማዶ ግን ሞልቷል። ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር፤ የብለድሩት ታሪክ በሙሉ ያለው እዚህ ላይ ነውና በሰፊው እመልሳለሁ።

ፍሬው በግንቦት መጨረሻ ገደማ ሲበስል ሁለት ጫፉ የሾለው የዘር ቋት ይሰነጠቅና ቀላ ያሉ ቡናማ ዘሮች መሬት ላይ ይወድቃሉ። በእያንዳንዱ ዘር ላይ ነጭና ለስላሳ የሆነ፣ ቅባት የሞላበት ቅጥያ አለ። ይህ ቅጥያ ለዘሩ መብቀል የሚያስፈልግ አይደለም፤ የተዘጋጀው ለጉንዳን ነው። በውስጡ ያለው ቅባት ጉንዳን ከሚያድናቸው ነፍሳት አካል ጋር ስለሚመሳሰል፣ ጉንዳኑ ዘሩን ያገኘው እንደሆነ እንደ ታደነ ነፍሳት ተሸክሞ ወደ ጎሬው ይወስደዋል። ቅጥያውን ለእጮቹ ይመግብና ዋናውን ዘር ሳይጎዳ ከጥራጊው ጋር ይጥለዋል። ዘሩም በዚህ መንገድ ዘር ከሚበሉ አይጦች ያመልጣል፣ ከእናቱ ጥላም ይርቃል። በምሥራቅ አሜሪካ ጫካ ይህን ሥራ ከሁሉ ይበልጥ የሚሠራው በወደቀ ግንድና በረገፈ ቅጠል ሥር የሚኖረው፣ አፌኖጋስተር የተባለው ረጅም እግር ያለው ጉንዳን ነው። ጉሎን የምታውቁ ሰዎች በዘሩ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ነጭ ዕባጭ ታስታውሳላችሁ፤ እርስዋም ጉንዳንን የምትስብ ናት።

እንግዲህ ጉንዳኑ ዘሩን የሚወስደው ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሜትር ያህል ነው። ከዘር የበቀለ ተክል ለማበብ ዓመታት ይፈጅበታል። በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ሁለት ሜትር ይራመዳል ብለን ብናሰላ እንኳ መቶ ሜትር ለመሻገር 200 ዓመት ያስፈልገዋል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቀድሞ ትንባሆና እህል ይመረትበት የነበረ ሰፊ መሬት ታርሶ ከተተወ በኋላ ጫካ ሆኗል። የቱሊፕ ፖፕላር ዘር በነፋስ፣ የዱር ቼሪ ዘር በወፍ ስለሚጓዝ ዛፎቹ በጥቂት አሥርት ዓመታት ተመልሰዋል። በጉንዳን የሚጓዙት አበቦች ግን አልተመለሱም። ከቤትዎ ጀርባ ያለው መሬት ቀድሞ የእርሻ ማሳ የነበረ ይመስለኛል፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ተዳፋት ደግሞ ለማረስ ስለማይመች ማረሻ ሳይነካው ቆይቶ ይሆናል። እኔ ጫካ ስገባ የመሬቱን ታሪክ የማነበው ከዛፎቹ ውፍረት ሳይሆን ከእነዚህ አበቦች ነው። አንድ ሰው አንድ አካፋ ሥር ይዞ ሲወጣ የብዙ ትውልድ የጉንዳን ሥራ ይዞ ይወጣል፤ ስለዚህም ነው አትንቀሉ እያልሁ የምደጋግመው።

አባል (ከአርሊንግተን)፦ መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጥፋቱን ሁሉ በሰውና በማረሻ ላይ ማድረግ ተገቢ አይመስለኝም። ዛሬ ጫካውን የጨረሰው አጋዘን ነው። መቀነስ አለበት።

አባል (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ እኔ በዚህ አልስማማም። በሮክ ክሪክ በሌሊት በጥይት ሲገደሉ ማየት ለሕሊና የሚከብድ ነው። አጋዘኖቹ ከእኛ በፊት እዚህ ነበሩ።

አባል (ከአርሊንግተን)፦ እህቴ፣ ተኩላና ፑማ ከጠፉ በኋላ የሚያድናቸው የለም። ከልክ በላይ ሲበዙ ራሳቸውም ይራባሉ። ሥጋውም ቢሆን ለችግረኞች ምገባ እንደሚሰጥ ያውቃሉ።

አባል (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ሥጋው መሰጠቱን አውቃለሁ፤ የወሊድ መከላከያ መሞከር ይቻል ነበር ነው የምለው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ለጫካው በማሰብ እንደምትናገሩ አያለሁ። የፓርኩ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 ቅነሳውን የጀመረው አጋዘኖቹ የዛፍ ችግኝ እንዳያድግ ስለከለከሉ ነው፤ እኔም ውሳኔውን እደግፋለሁ። ነገር ግን ወደ ጉዳያችን እንመለስ። አጋዘን ከሁሉ በላይ የሚያጠቃው ትሪሊየም የተባለውን የጫካ አበባ ነው፤ ብለድሩትን መራራው ፈሳሽ በመጠኑ ይከላከልለታል እንጂ ፈጽሞ አያድነውም። ክርክሩን በዚህ እንዝጋው።

ጥያቄ (ከዉድብሪጅ)፦ እናቴ በፊቷ ላይ ዕባጭ ወጥቶባታል። የዚህ ሥር ቅባት ዕባጭ ያጠፋል ተብሎ ሲሸጥ አየሁ። የባህል መድኃኒት ስለሆነ ጉዳት የለውም ይባላል።

መልስ፦ እህቴ፣ እባክዎን እንዳይቀቡላት። እናትዎን ወደ ቆዳ ሐኪም ይውሰዷት። በፈሳሹ ውስጥ ሳንጉዊናሪን የተባለ መርዝ አለ፤ ይህ መርዝ የታመመውንና ጤነኛውን ሥጋ ሳይለይ ያቃጥላል። ጥቁር ቅባት እየተባለ የሚሸጠው ነገር በሰዎች ፊት ላይ ጥልቅ ቁስል ትቷል፤ ላይ ላዩን ጠባሳ ሠርቶ ካንሰሩ ከሥር ማደጉን የቀጠለባቸውም አሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ስለዚህ ቅባት በግልጽ አስጠንቅቋል። በአገራችን በመንገድ ዳርና በማሳ ላይ የሚበቅለው፣ ቢጫ አበባ ያለው እሾኻማው አርጌሞኔ ከዚሁ የፖፒ ቤተሰብ ነው፤ በዘሩ ውስጥም ይኸው መርዝ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1998 በሕንድ ዴልሂ የአርጌሞኔ ዘይት ከሰናፍጭ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ብዙ ሰው አብጦ ታሟል፣ የሞቱም ነበሩ። የዚህ ምድር ቀደምት ሕዝቦች ብለድሩትን ለቀለም በብዛት ተጠቅመውበታል፤ የቸሮኪ ሴቶች ዛሬም ቅርጫት የሚሠሩበትን ሸምበቆ ያቀልሙበታል። መቀባትም ሆነ መጠጣት አይገባም።

ጥያቄ (ከቦዊ)፦ ሻይ ብናፈላውስ? ጥቂት ብቻ?

መልስ፦ አይቻልም። ከላይ ተናግሬአለሁ።

ጥያቄ (ከሮክቪል)፦ ንቦች ይጎበኙታል? አበባው ማር ይሰጣል?

መልስ፦ ጣፋጭ ፈሳሽ የለውም፤ የሚሰጠው የአበባ ዱቄት ብቻ ነው። የሚጎበኙትም በአፈር ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ ትናንሽ ንቦችና ዝንቦች ናቸው። በመጋቢት ብርድ ንብ ሳይመጣ ሊቀር ስለሚችል አበባው ሌላ መንገድ አለው። መጀመሪያ ዱቄት ለመቀበል የሚዘጋጀው ሴቴው ክፍል ነው፤ ይህም ከሌላ ተክል የሚመጣ ዱቄት ቅድሚያ እንዲያገኝ ያደርጋል። በሦስተኛው ቀን ገደማ ግን ወንዴዎቹ ክሮች ወደ መሐል ጎንበስ ብለው በራሳቸው ዱቄት ያዳብሩታል። እንግዳ ጠብቆ ሳይመጣለት ሲቀር በራሱ የሚበቃ እንዲህ ያለ አበባ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ጥያቄ (ከታኮማ ፓርክ)፦ በወንዙ ዳር መሬቱን ሁሉ የሸፈነው ቢጫ አበባ ምንድን ነው? በጣም ያምራል።

መልስ፦ ፊካሪያ ይባላል፤ ከአውሮፓ የመጣ ወራሪ ነው። ከሥሩ ያሉት ትናንሽ ፍሬ መሰል እባጮች በጎርፍ እየተወሰዱ አዲስ ቦታ ይበቅላሉ፤ ከአገሬው አበቦች ቀድሞ ወጥቶም መሬቱን ይዘጋባቸዋል። ከእርሱ በታች ብለድሩት አይገኝም። በግቢያችሁ እንዳትተክሉት።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ)፦ ለመሆኑ ጥቅሙ ምንድን ነው?

መልስ፦ የትኛውን ጥቅም ማለትዎ ነው? ለጉንዳኑ፣ ለንቡ ወይስ ለአፈሩ? ጥያቄው ካልተወሰነ መልሱም ሊወሰን አይችልም።

ጥያቄ (ከሎርተን)፦ ከጫካው አንዲት ብቻ ነቅዬ በጓሮዬ ብተክላትስ? ብዙ ስለሆኑ አንዲት አትጎድልም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለዚህ ነገር ዛሬ ደጋግሜ ተናግሬአለሁ፤ መልሱ አሁንም አይነቀልም ነው። ብዙ ሆነው የሚታዩት ከአንድ ግንድ የተባዙ ሊሆኑ ይችላሉ። በጓሮዎ ማየት ከፈለጉ የአገሬውን ዕፅዋት ከሚያፈላ የችግኝ ጣቢያ ይግዙ፤ ችግኙን እነርሱ ራሳቸው እንዳፈሉት ወይም ከዱር እንደቆፈሩት ጠይቀው ግልጽ መልስ ካላገኙ አይግዙ።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ከፌርፋክስ)፦ መምህር፣ ከእርስዎ ጓሮ ዘር ማግኘት እችላለሁ? እንዴትስ ልዝራው?

መልስ፦ እሰጥሃለሁ። ፍሬው አረንጓዴ ሳለ በስስ ጨርቅ እሸፍነዋለሁ፤ ያለዚያ ጉንዳኖቹ ይቀድሙኛል። በግንቦት መጨረሻ በእርጥብ አፈር አድርጌ ስሰጥህ በዚያው ቀን ዝራው፤ ዘሩ ከደረቀ የመብቀል ኃይሉን ያጣልና በወረቀት ጠቅልለህ እንዳታስቀምጠው። ከጥላ በታች አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቅበረውና በረገፈ ቅጠል አልብሰው። በመጀመሪያው ክረምት እርጥበቱን፣ ቀጥሎም የቅዝቃዜውን ወራት ካሳለፈ በኋላ በሚቀጥለው መጋቢት አንዲት ትንሽ ክብ ቅጠል ታያለህ። አበባ በዚያ ዓመት አትጠብቅ። ሁለት ሦስት ዘር ደግሞ ሳትቀብር መሬት ላይ ተውና ጉንዳኖቹ ወዴት እንደሚወስዱት ተከታትለህ ጻፍልኝ።