«ስትወልድ ይተዋታል» ለተባለችው ልጅሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የ15 ዓመት ልጅሽ የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር ከቁርጠቱ የተነሣ ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት ትቀራለች። አያቷ «ስትወልድ ይተዋታል» ይላሉ፤ ጎረቤትሽ ደግሞ የማስታገሻ ክኒን ከለመደች መሃን ትሆናለች ብላ አስፈራርታሻለች። ሐኪም አይደለሁም፤ ይህን ሕመም ግን በሁለት መልኩ አውቀዋለሁ።

በቅድሚያ የጎረቤትሽን ፍርሃት ተይው። በወር ሁለት ሦስት ቀን የሚወሰድ ማስታገሻ መሃን አያደርግም።

በእሷ ዕድሜ ሳለሁ እናቴ ከሥራ ስትመለስ የማድ ቤቱ ሲሚንቶ ላይ ተጠቅልዬ ታገኘኝ ነበር። ላብ ያጠምቀኛል፣ ያስመልሰኛል፣ ተቅማጥ ይከተላል። ቤተሰቡ ምግብ አልተስማማትም ይል ነበር። ለካ የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ሊረግፍ ሲል ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ እሱ ማህፀንን አጥብቆ ሲጨምቀው ደም በደንብ አይደርሰውም፣ ቁርጠቱም ከዚያ ይመጣል። አንጀትንም ስለሚነካ ነው ተቅማጡ። ይህ ዓይነቱ ሕመም ብዙ ጊዜ የወር አበባ በጀመረ በ1 ወይም በ2 ዓመት ውስጥ ይጀምርና በየወሩ ከ1 እስከ 3 ቀን ቆይቶ ይለቃል።

አይቡፕሮፌን የሚባለው ማስታገሻ የሚሠራው ይኸው ንጥረ ነገር እንዳይመረት በመግታት ነው። አስቀድሞ የተመረተውን ግን አያጠፋውም። የእኔ ስሕተት እዚህ ላይ ነበር፤ «ትንሽ ልቻለው» እያልኩ ቆይቼ፣ ሲያንበረክከኝ እውጠውና ወዲያው አስመልሰዋለሁ፤ ከዚያ መድኃኒቱ አይረባም እላለሁ። ልጅሽ ቁርጠቱ ገና ሲጀምራት፣ ምግብ በልታ፣ 400 ሚሊግራም ትውሰድ፤ በየ8 ሰዓቱ፣ ከ2 እስከ 3 ቀን። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም አስም ካለባት ግን ከመጀመሯ በፊት ባለሙያ ጠይቂ። ፓራሲታሞል ለጨጓራ ይቀላል፣ ጉልበቱ ግን ያንሳል። ዲክሎፌናክ ደርበሽ እንዳትሰጫት።

እናቴ ጤና አዳም የገባበት ቡና ታፈላልኝ ነበር። ሽታውን እስከ ዛሬ እወደዋለሁ፤ ሕመሜን ሲያስታግስ ግን አላየሁም። ሙቀት ግን በእርግጥ ይረዳል። ሙቅ ውኃ በላስቲክ ጠርሙስ ሞልተሽ፣ በነጠላ ጠቅልለሽ ከእምብርቷ በታች አስቀምጪላት። የፈላ ውኃ አይሁን፤ ጠርሙሱ ይኮማተርና ክዳኑ ይላላል። ጭኔ ላይ ያለው ጠባሳ ምስክር ነው።

በ27 ዓመቴ ሕመሙ ፀባዩን ለወጠ። የወር አበባዬ ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው ይጀምረኛል፤ ሰገራ ስቀመጥ ይወጋኛል። አንድ ክሊኒክ «ውለጂ» ብሎ አሰናበተኝ። አልትራሳውንድ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ንጹሕ ነው ተባልኩ። ስለ ሰገራው የጠየቀችኝ ሦስተኛዋ ሐኪም ብቻ ናት። ኢንዶሜትሪዮሲስ ነበር፤ የማህፀን ሽፋንን የሚመስል ሕዋስ ከማህፀን ውጭ ሲበቅል የሚመጣ ሕመም፤ አልትራሳውንድ ላይ ሁልጊዜ አይታይም። የታዘዘልኝ የሆርሞን ክኒን ነው ከአልጋ ያነሣኝ። ይኸው ክኒን የወሊድ መቆጣጠሪያ ነውና ለወጣት ልጅ ሲታዘዝ ወላጅ ይደነግጣል፤ ለሕመሙም ግን የታወቀ ሕክምና ነው።

ስለዚህ አይቡፕሮፌኑን በሰዓቱ እየወሰደች ሦስት ወር ካልተሻላት፣ ሕመሙ ከወር ወር ከባሰ ወይም ከወር አበባ ቀናት ውጭ ከመጣ፣ የማህፀን ሐኪም ትይ። ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያስቀይር ደም ካለ ሦስት ወር አትጠብቂ።

ለአያቷም እንዲህ በያቸው፤ ወልዳ የተሻላት ሴት አለች፣ ያልተሻላትም አለች። ልጅቷ በ25 ዓመቷ ብትወልድ እንኳ እስከዚያ 120 ወር አለ፤ በወር ሁለት ቀን ሲታሰብ 240 ቀን ትተኛለች ማለት ነው።

ቦርሳዋ ውስጥ ከሞዴሱ ጋር ሁለት ፍሬ አይቡፕሮፌንና ቁራሽ ዳቦ አድርጊላት። እኔን ሁልጊዜ የሚጀምረኝ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነበር።